የባትሪው ትንፋሽ

አሁን አሁን በሜክሲኮ አደባባይ በኩል ሳልፍ ድምፅ የሌላቸው መኪኖች ከኋላዬ እየመጡ ያስደነግጡኛል። የኤሌክትሪክ ናቸው። ባለፈው ሰሞን የተሳፈርኩበት ወጣት ሹፌር ስለ መኪናው ሲያወራልኝ ቆየና፣ ውጭ አገር ደግሞ በሃይድሮጅን የሚሄድ እንዳለ፣ እሱ እንደ ቤንዚን በደቂቃ ተሞልቶ እንደሚነሳ፣ ከጭስ ማውጫውም የሚንጠባጠበው ውሃ እንደሆነ ነገረኝ። «እንደው እርስዎ የቱ ይሻላል ይላሉ፣ እማማ?» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ኬሚስትሪ ሳስተምር የኖርኩ ሴት መሆኔን አላወቀም። «እኔ እንጃ ልጄ» አልኩትና ከምወርድበት ቦታ ቀድሜ ወረድኩ።

ይህን ክርክር እኔ በደርግ ጊዜ፣ ጌጃ ሰፈር፣ አባቴ ግቢ ውስጥ ዳኛ ሆኜ ፈርጄበታለሁ። ያኔ ሰው የማረም አባዜ ነበረብኝ። አንድ ሰው ቃል ሲያበላሽ ከሰማሁ ምግብ በአፌ ይዤ እንኳ ቢሆን አርመዋለሁ። በዚያ አባዜዬ የአጎቴ ሁለት ዓይኖች ጠፉ። ይህን እስካሁን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ሊነገራቸው ይገባ የነበሩት ሁለት ሰዎችም ዛሬ በሕይወት የሉም።

አባቴ ባትሪ ቻርጅ ያደርግ ነበር። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ወደ ጌጃ ሰፈር ሲገባ፣ ከመኖሪያ ቤታችን ጎን የተለጠፈች ጠባብ ክፍል ነበረችው። ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሷ ማዳበሪያ ጆንያ፣ መስኮቷ አንድ። አምፖል የላትም። የመብራት ማብሪያ እንኳ ሲጫኑት ብልጭ ይላል ብሎ ሆን ብሎ አላስገባባትም፤ ብርሃኗ ከመስኮቷ የሚገባው ብቻ ነው። በግድግዳው ዙሪያ በተሠራው የእንጨት መደርደሪያ ላይ የታክሲውም የጭነቱም ባትሪ ክዳኑ ተከፍቶ ይደረደራል። ሽቦው ከተሰካ ትንሽ ቆይቶ በውስጡ ያለው ውሃ እንደ ሽሮ መንተክተክ ይጀምራል።

አባቴ ያንን መንተክተክ «ትንፋሽ» ይለው ነበር። «እየተነፈሱ ናቸው» ካለ ሲጋራ የያዘ ሰው ከደጅ ይቀራል፤ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። ለዚህ የሚሆን ማስታወቂያም ነበረው። ከካርቶን ቀድዶ፣ በከሰል ይሁን በምን እንጃ፣ «ባትሪ ይተነፍሳል እሳት አታስገቡ» ብሎ የጻፈባት። ፊደሎቹ ወደ ታች ይንሸራተታሉ፤ «ፍ»ው የቆመው ተንጋድዶ ነው። ባትሪ ሲሰካ በሩ ላይ ባለችው ምስማር ይሰቅላታል፤ ሲነቅል ያወርዳታል። ካርቶኗ ከሌለች ዛሬ የተሰካ ነገር የለም ማለት ነው። ሰፈሩ በሙሉ ይህን ለምዶታል።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ «ብቻህን ከምትኖር እዚሁ ና» ብሎት ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። ሰማያዊና ነጭ የተቀባች ትንሽ ታክሲ ነበረችው። በንጉሡ ጊዜ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ የመንገድ ምልክቱን በቅርጹ ለይቶ እንጂ ፊደል ቆጥሮ አልነበረም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ከሰው ኋላ ተደብቆ ይቀመጥ ነበር፤ የእህቱ ልጅ ጠመኔ ይዛ ስትጠይቀው ያፍራል። ማንበብ ከለመደ በኋላ ግን አላስቀመጠንም። ታክሲው ውስጥ ከገባሁ ከልደታ እስከ ሜክሲኮ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብሎ ያነብልኛል። «ዳቦ ቤት። ፀጉር አስተካካይ። እዚህ መሽናት ክልክል ነው። አየሽ ቲቸር፣ ስንት ዓመት ሙሉ እዚህ ጋ እየቆምኩ ስሸና ኖሬ!» ይላል። እስቃለሁ። ደግሞም እኮራለሁ፤ ከተማሪዎቼ ሁሉ በእሱ የኮራሁትን ያህል በማንም አልኮራሁም።

በዚያ ሰሞን ቤንዚን በኩፖን ሆነ። ታክሲዎች ከማደያው በር ጀምሮ እስከማይታይ ድረስ ይሰለፋሉ፤ ሰልፉ ፈቀቅ ሲል ሞተር ማስነሳት ብክነት ነውና ሹፌሮቹ ወርደው መኪናቸውን ይገፋሉ። አጎቴ አንዳንዴ እዚያው መኪናው ውስጥ አድሮ ይመለሳል። ያላገኘ ቀን ታክሲዋን ግቢያችን ያቆማትና ከአባቴ ጋር ክርክር ይገጥማሉ።

አባቴ መኪና በባትሪ መሄድ አለበት ባይ ነው።

«ባትሪ አይሸትም፣ አይሰለፉለትም። ቤትህ ትሰካዋለህ፣ ጠዋት ተነስተህ ትሄዳለህ።»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ሦስት ሰው ከነዕቃው ጭኜ ወደ መርካቶ የምወጣ ነኝ» ይላል አጎቴ። «ያን ሁሉ ባትሪ ከጫንኩ ተሳፋሪውን የት ላስቀምጠው? ጣሪያ ላይ? ደግሞስ ቀኑን ሙሉ ተሰክቼ ስውል ማን ያበላኛል? መብራት ሲጠፋስ?»

«መብራት ሲጠፋማ አርፈህ ትቀመጣለህ።»

«እኮ! ይኼው ነው! ይልቅ ያ የሚተነፍሰው ነገር ራሱ የሚነድ ከሆነ እሱን ሞተር ውስጥ ለምን አንከተውም? ከውሃ አይደል የሚወጣው? ውሃ ኩፖን የለውም።»

ይህን ሲል ሁለቱም ወደ እኔ ይዞራሉ። እኔም የማርመውን የተማሪ ደብተር አስቀምጬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ እፈርዳለሁ። ያንን ጊዜ እንዴት እወደው እንደነበር! የተማረ ሰው ዳኝነት የሚጠየቅበት ቤት ነበር ቤታችን። «ጋሼ፣ ውሃውን ለመክፈልም እኮ ያው መብራት ያስፈልጋል» ስል አባቴ ጭኑን መትቶ ይስቃል። «አባዬ፣ ግን ትንፋሹ ሃይድሮጅን ነው፤ ቀላል ነው፣ እንደ ባትሪ አይከብድም፣ ለመሙላትም ጊዜ አይፈጅም» ስል ደግሞ አጎቴ ቆሞ ይጨብጠኛል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ አንዲት የመስታወት ቱቦ ተውሼ መጣሁ። የሚንተከተክ ባትሪ አፍ ላይ ቱቦዋን ደፍቼ ትንፋሹን ሞላሁና፣ ግቢው መሃል ወስጄ ክብሪት አስጠጋሁባት። «ጱ!» አለች። ያችው ብቻ ናት። አጎቴ እንደ ሕፃን ተንከተከተ። «ይኼ ነው እሳት አታስገቡ እያሉ የሚያስፈራሩን?» አለ። ቀጥሎ ግን ሹፌር ነውና የሹፌር ጥያቄ ጠየቀኝ። «ቤንዚን ሲፈስ መሬት ላይ ተኝቶ እሳት ይጠብቃል፤ ስንቱ ነደደ። ይኼስ?»

«ይኼ ወደ ላይ ይሸሻል። ወዲያው ነው የሚበተነው፤ ከቤንዚን ይልቅ ከዚህ ጋር መጋጨት ይሻላል» አልኩት።

አባቴ ቱቦዋን እያገላበጠ ሲያይ ቆየና «ጣሪያ ካለስ?» አለኝ።

«አባዬ ደግሞ! የምናወራው ስለ መኪና ነው፤ መኪና ደጅ ነው የሚሄደው» አልኩት። ዳኛዋ ነኛ።

ከዚያ ወዲህ ያቺ ካርቶን ዓይኔን ትወጋኝ ጀመር። ባትሪ ሳንባ የለው፣ እንዴት ይተነፍሳል? ኬሚስትሪ የሚያስተምር ሰው ቤት በር ላይ ይህ መሰቀሉ አሳፈረኝ። አንድ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ጥሩ ነጭ ካርቶን ይዤ መጥቼ፣ በቀይ ቀለም፣ ለጥቁር ሰሌዳ በሚሆን የእጅ ጽሕፈቴ «አደገኛ ጋዝ ስላለ እሳት ማቅረብ በጥብቅ ክልክል ነው» ብዬ ጻፍኩ። ማውረድ መስቀል እንዳይኖርም በአራት ምስማር በሩ ላይ መታሁት። የአባቴን ካርቶን አጥፌ ከዕቃ ማስቀመጫው ኋላ ወረወርኳት። አባቴ መጥቶ ቆሞ አነበበው። «ጽሕፈትሽ ያምራል» አለኝ። «የኔዋስ?» አለ ቆይቶ። «ያው ነው አባዬ፣ ይኼ ግን ትክክለኛው ነው» አልኩት። አንቺ ካልሽ ይሁን ብሎ ገባ።

ትክክለኛው ነበር። በመጽሐፉ ጋዝ ማለት ያ ነው። በሰፈራችን ግን ጋዝ ማለት ነጭ ጋዝ ነው፤ ለምድጃና ለፋኖስ የሚሆነው፣ በጠርሙስና በጀሪካን ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ተሰልፈን የምንቀዳው። እኔ ራሴ ቤት ውስጥ «ጋዝ አልቋል» ስል የማወራው ስለ እሱ ነበር። ክፍል ስገባ አንዱን ቃል፣ ቤት ስመጣ ሌላውን እጠቀማለሁ፤ በራችን ላይ የሚያነቡት ግን የቤቱን ቃል ብቻ የሚያውቁ ሰዎች መሆናቸውን አላሰብኩም።

አጎቴ ያን ሐሙስ አልነበረም። ቤንዚን ሰልፍ ላይ ነበር። የተመለሰው እሑድ ከሰዓት፣ ኩፖኑ ሳይሠራለት፣ በቀረችው ጠብታ እየተንፏቀቀ ነው። ክረምት ነው፤ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያወርደዋል። አባቴ ቀበሌ ስብሰባ ተጠርቶ ሄዷል፤ ስብሰባ መቅረት አይቻልም። ከመውጣቱ በፊት ዝናቡ በመስኮቷ እየገባ ቻርጀሩን እንዳያርስበት ሁልጊዜ ክፍት የምትሆነውን መስኮት ዘግቷታል። ባትሪዎቹን ግን አልነቀለም። ስብሰባው ይረዝማል ብሎ አላሰበም።

እኔ ቤት ውስጥ የፈተና ወረቀት አርም ነበር። የታክሲዋን በር ሰማሁ። «ጋሼ መጡ?» ብዬ ጮህኩ፤ በዝናቡ አልሰማኝም። ትንሽ ቆይቶ ከግድግዳው ማዶ ከባድ ነገር የወደቀ ይመስል ቤቱ ተናጋ፤ የወረቀቶቼ ክምር ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

ስወጣ አጎቴ በክፍሏ በር ላይ ተንበርክኮ ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል። ከላይ ቆርቆሮው ተገንጥሏል። ባትሪዎቹ ፈንድተው አሲዱ በመላ ፊቱ ላይ ነው። «አቃጠለኝ፣ አቃጠለኝ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። ምን እንደሚደረግ አውቅ ነበር። እጁን በጉልበት ከፊቱ አላቅቄ፣ ከአሸንዳው ሥር ከሞላው በርሜል ውሃ እየቀዳሁ ዓይኑ ላይ አፈሰስኩ። ጣሳው ከእጄ እየወደቀ፣ እያነሳሁ፣ በርሜሉ እስኪጎድል አፈሰስኩ። ትምህርቴ የጠቀመው ያን ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ዘግይቶ።

ጎረቤት ሞላ። ሰው ለሆስፒታል የሚፈልገው መኪና ግቢያችን ውስጥ ቆሟል፤ ቤንዚን የለውም። ከኋላ አስገብተው አስተኙትና «ግፉ!» ተባለ። እኔ ከሁሉ ቀላል ነሽ ተብዬ መሪው ጋ ተቀመጥኩ። መኪና ነድቼ አላውቅም። ሰዎቹ በጭቃው እየተንሸራተቱ ይገፋሉ፣ የፊት መስታወቱ በዝናብ ታውሯል፣ እኔ እያለቀስኩ ነው። ከኋላዬ በፎጣ እንደተሸፈነ አጎቴ ያዘኛል። «መሪውን አትጨብጪው፣ ለቀቅ አድርጊው። አሁን የሥጋ ቤቱ ጋ ደርሰሻል፣ ጉድጓድ አለ፣ ወደ ግራ በዪ። ፍሬን እንዳትነኪ፣ ሰዎቹ ይደክማሉ።» መንገዱን ሁሉ ሳያይ ያውቀው ነበር። ዋናው አስፋልት ስንወጣ አንድ የጭነት መኪና አስቁመው ወሰዱት።

የግራ ዓይኑን በዚያው ሳምንት አወጡት። በቀኙ ብርሃንና ጨለማ ይለያል አሉን፤ መስቀል ሳይደርስ እሱም ቀረ።

እኔ ከሆስፒታል በመጀመሪያ ስመለስ፣ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ያደረግሁት ነገር አለ። የክፍሏ በር ከማጠፊያው ተገንጥሎ ጭቃው ላይ ወድቋል። በላዩ ያለው የእኔ ጽሕፈት በዝናቡ ቀይ ቀለሙ ፈሷል፤ ይነበባል ግን። በጥፍሬ ከምስማሩ ፈለቀቅሁትና ወጥ ቤት ወስጄ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ያኔ ለምን እንደማቃጥለው ራሴን አልጠየቅሁም። እጄ ከእኔ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

አባቴ ስለ ማስታወቂያው አንድም ቀን አላነሳም። እሱን የበላችው መስኮቷ ናት። «መስኮቱን የዘጋሁት እኔ፣ ሳልነቅል የሄድኩት እኔ» ይላል ለሚጠይቀው ሁሉ። አጎቴ ከዝናብ ሊጠለል ገብቶ፣ ደክሞት ሳያስበው ሲጋራ ለኩሶ ነው የሚል ወሬ ጸደቀ፤ አጎቴም አላስተባበለም። አባቴ ባትሪዎቹን ለባለቤቶቻቸው ተካ፣ ቻርጀሩን ለሌላ ሰው ሰጠ፣ ዳግመኛ ሥራውን አልነካም። ጠዋት ጠዋት አጎቴን በክንዱ ይዞ ደጅ ያወጣዋል። በርጩማ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የመኪና ወሬ ቀረ። አንዳንዴ አጎቴ «ማነው ያለፈው?» ይላል፣ አባቴ ይነግረዋል፤ ሌላ ንግግር የላቸውም።

ልነግራቸው ወስኜ ነበር። እውነቴን ነው። «አባዬ፣ መስኮቱ ብቻ አይደለም» የምትለዋን ቃል ከትምህርት ቤት እስከ ቤት በመንገድ ላይ እየደጋገምኩ እመጣለሁ፤ በሩን ስከፍት ትጠፋኛለች። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት አባቴ ለቅሶ ሄዶ ከአጎቴ ጋር ብቻችንን ቀረን። ከፊቱ ተቀመጥኩ። ልጀምር አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ በልቤ ይዤው እንዳልሞት» አለኝ። ፊቱን ወዳለሁበት ሊያዞር ሞከረና ትንሽ አለፍ አለ። «ሲጋራ ልለኩስ አይደለም የገባሁት።»

በርጩማዬን ወደ እሱ አስጠጋሁ።

«ያን ቀን ከሰልፍ ስመጣ በሩ ላይ አዲስ ጽሑፍ አየሁ። ደስ አለኝ፣ ቆሜ አነበብኩት፤ አንድም ፊደል አልሳትኩም። ጋዝ አለ ይላል። እኛ ደግሞ ቤታችን ጋዝ ካለቀ ሳምንታችን፣ አንቺ በኩበት ጭስ ዓይንሽ ቀልቷል። ይኼ ሰውዬ ጋዝ ደብቆ፣ እሳት እንዳይቀርበው ማስታወቂያ አስጽፏል አልኩ። ካርቶኑም የለም፤ ባትሪውን ነቅሎ ቦታውን የጋዝ መጋዘን አድርጎታል አልኩ። ቀበሌ ቢያውቅ ይታሰራል፣ ደግሞ ከእኔ ደበቀ ብዬ ከፋኝ። ገባሁ። ጨለማ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ ከሚወርደው ዝናብ ሌላ የሚሰማ የለም። አሸተትኩ፤ ጋዝ ጋዝ አይሸትም። የለም ማለት ነው፣ ክብሪት ብለኩስ ምንም አይደል ብዬ ከመደርደሪያው ኋላ ጀሪካን ልፈልግ ጫርኩ።»

እጁን ዘርግቶ በአየር ላይ ፈለገኝና ጉልበቴን አገኘው።

«እህቴ ስትሞት ቤቱን ከፍቶ ያስገባኝን ሰው ሌባ ብዬ ጠርጥሬ ነው የገባሁት። እግዜር በቦታው ከፈለኝ። በማንም አልፈርድም። እሱ ግን ይህን እንዳይሰማ፤ መስኮቱ ነው ብሎ ያስብ፣ እሱ ይሻለዋል። አደራ።»

ጋሼ፣ አባዬ ጋዝ አልደበቀም፣ ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ያነበቡት በትክክል ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ሁሉም ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብናገር ኃጢአት ነው ያለው ነገር ከላዩ ይወርድለት ነበር። ግን ከእኔ በቀር ማንም እንደማያውቅ በዚያች ቅጽበት ገባኝ፤ ቀለለኝም። ስለ አባቴ ብዬ ነው ዝም ያልኩት እያልኩ ብዙ ዓመት ራሴን አታልያለሁ። አይደለም። ፈርቼ ነው። አባቴ በመስኮቱ፣ እሱ በጥርጣሬው እየተቃጠሉ ሞቱ፤ ጥፋቱ የሁለቱም አልነበረም።

አደራውን ተቀበልኩ ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ። እጁ ጉልበቴ ላይ እንዳለ መልሴን ጠበቀ። ነቀነቅሁ እንደገና።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለኝ። «አላይሽም እኮ፣ የኔ ልጅ። እሺ በይኝ እንጂ።»

«እሺ» አልኩት።